ድመቷ ስታምጥ፦ ሆዷ ደርቆ ነው ወይስ ሽንቷ ተዘግቶ?



በዚህ ወር አምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል፣ ምናልባትም የሚያስቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ድመት የሆድ ድርቀት ነው። ይሁን እንጂ በጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ ገጠር ያደገ ሰው ድመት ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነች አይጠፋውም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከነፋስ መውጫ ዙሪያ ጀምሮ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ፣ ደጋው ገብሱንና ድንቹን፣ ወይና ደጋው ጤፉንና ስንዴውን፣ ቆላው ማሽላውን በጎታና በጎተራ ያኖራል። አይጥም ከእርሱ ጋር ይኖራል። የዓመት ቀለብ የሚጠብቀው ዘበኛ ደመወዝ የማይከፈላት ድመት ናት።

እንዲህም ሆኖ በሬው ሲያከሳ፣ በጓ ስታስል፣ አህያው ሲያነክስ ቤተሰቡ ሁሉ ወዲያው ያውቃል፤ ድመት ስትታመም ግን የሚያውቅ የለም። «ራሷን ትችላለች» ይባላል። እውነት ነው፣ ብዙውን ትችላለች። የማትችለው ግን አንድ ነገር አለ፤ እኛው ያመጣንባትን ችግር።

ይህን ስንል ምን ማለታችን ነው? በየቤቱ እንደምናየው፣ አዲስ የመጣች ድመት «ቤት እስክትለምድ» እየተባለች አንገቷ ወይም እግሯ በገመድ ይታሰራል፤ አለዚያም ጎታው ባለበት ጓዳ ይዘጋባታል። የሚሰጣት ፍርፋሪ እንጀራ ነው፤ በጾም ሰሞን ከጎረቤት የሚመጣው ደግሞ የሽሮ ጥራጊ ነው። ውኃ የሚያስቀምጥላት ሰው ብዙም አይገኝም። በተፈጥሮዋ ንጹሕ እንስሳ በመሆኗም በተኛችበትና በበላችበት ቦታ ዓይነ ምድር መውጣት አትወድም። ስለዚህ ትይዘዋለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። የድርቀቱ መነሻ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

አንዲት ሴት ድመት አስራ፣ ሳትመግባትና የምድር ተንቀሳቃሾችን እየያዘች እንድትበላ ሳትለቃት በመሞቷ እንደተቀጣች የሚናገረውን፣ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን ሐዲሥ ብዙዎቻችን ከመድረሳ ጀምሮ እናውቀዋለን። ስንሰማው ግን ስለ ሌላ ሰው፣ ስለ ሩቅ ዘመን እየመሰለን እናልፈዋለን። የጓዳው ገመድ ትዝ አይለንም።

አሁን ወደ ሆዷ እንግባ። ምግብ በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ጠቃሚው ወደ ደም ከገባ በኋላ የተረፈው ወደ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ገና ፈሳሽነት አለው። የትልቁ አንጀት አንዱ ሥራ በውስጡ ያለውን ውኃ መጥጦ ለሰውነት መመለስ ነው። ሰውነት ውኃ ሲያጥረው አንጀቱ ከመቼውም አብልጦ ይመጣል። ዓይነ ምድሩ በቆየ ቁጥር ይደርቃል፤ በደረቀ ቁጥር ለመውጣት ያስቸግራል፤ ባስቸገረ ቁጥር ደግሞ ይቆያል። በዚህ መልክ የተለጠጠ አንጀት ከጊዜ በኋላ የመግፋት ኃይሉን ያጣል። እዚያ ከደረሰ በኋላ መመለሱ ከባድ ነው።

ድመትን ለዚህ ይበልጥ የሚያጋልጣት የዘር ሐረጓ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘር ጥናት እንዳሳየው፣ የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የተገኙት በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ አገሮች ከሚኖረው የዱር ድመት ወገን ነው። ይህ የዱር ድመት በአገራችንም ይገኛል። የበረሃ እንስሳ እንደመሆኗ ኩላሊቷ ውኃ ቆጣቢ ነው፤ ጥማቷም ደካማ ነው። እንደ ውሻ ወደ ምንጭ ሮጣ ለጥ አድርጋ አትጠጣም። ታዲያ በበረሃ እንዴት ኖረች? መልሱ የምትበላው አይጥ ውስጥ አለ። ከአንዲት አይጥ ክብደት ከመቶው 70 ያህሉ ውኃ ነው። አይጥ የያዘች ድመት በላች ብቻ ሳይሆን ጠጣችም ማለት ነው። የእንጀራ ድርቆሽ የሰጠናት ድመት ግን ያንን ውኃ አታገኝም፤ ጥማቷም ደካማ ስለሆነ የጎደለውን ፈልጋ አትሞላውም። «ብትራብ አይጥ ትይዛለች» ብለው ሆን ብለው የሚያስርቡም አሉ። ጠግባ የምታድር ድመትም ታድናለች፤ አደን በደሟ ያለ ነገር ነው። በረሃብና በጥም የደከመች ድመት ግን አይጡን ብታየውም አትደርስበትም።

ምልክቱን ማወቅ በገጠር ቤት ከከተማ ይልቅ ይከብዳል። ድመት ዓይነ ምድሯን ቀብራ ስለምትሄድ ወጣች አልወጣች የሚቆጥር የለም። እኛ የምንመክረው የአመዱን ቦታ ማየት ነው። ድመት ለስላሳ ነገር ትወዳለች፤ ከምድጃ የተጠረገ አመድ የሚደፋበት ጥግ ካለ ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው የምትሄደው። ጠዋት አመድ ሊደፋ የሚወጣ ልጅ በእንጨት ጫፍ ጫር ጫር አድርጎ ቢያይ ይበቃል። ጤነኛ ድመት በቀን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዷም ሁለት ጊዜ ትወጣለች፤ ሲወጣም ቡናማና እርጥበት ያለው ሆኖ አመድ ወይም አፈር ይይዛል። እንደ በግ በጠጥ የደረቀና የተቆራረጠ ሲሆን ድርቀት ጀምሯል ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልተገኘ ጉዳዩ ቀልድ አይደለም።

ሌላው ምልክት በራሷ ላይ ይታያል። ወደ አመዱ ትመላለሳለች፣ ጀርባዋን አጉብጣ ታምጣለች፣ አንዳንዴ ትጮኻለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች። ምግብ ትታ ጨለማ ጥግ ትደበቃለች። ፀጉሯን መላስ ታቆምና ትንጨባረራለች። ሲብስ ታስመልሳለች። ካማጠች በኋላ ትንሽ ደም ወይም ንፍጥ መሰል ነገር ልታሳይ ትችላለች።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንዴ በደረቀው ዓይነ ምድር ዙሪያ ጥቂት ፈሳሽ ሾልኮ ይወጣል። ያየው ሰው «ተቅማጥ ይዟታል» ብሎ ውኃና ምግብ ይከለክላታል። ይህ በድርቀት ላይ ድርቀት መጨመር ነው። እውነተኛ ተቅማጥ በብዛትና ያለ ብዙ ምጥ ይወጣል፤ ይኼኛው ግን ብዙ አምጣ ጠብታ ያህል ነው።

ከዚህም የሚከፋ ስሕተት አለ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ምክንያትም እርሱ ነው። የሚያምጥ ድመት ሁሉ ሆዱ የደረቀ አይደለም። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በሽንት ውስጥ በሚፈጠር አሸዋ መሰል ነገርና በንፍጥ ሊደፈን ይችላል። ሲደፈን አቀማመጡም፣ ምልልሱም፣ ጩኸቱም ከሆድ ድርቀት ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በሚተርፈው ጊዜ ላይ ነው። ሆዱ የደረቀ ድመት ቀናት አሉት። ሽንቱ ፈጽሞ የተዘጋ ድመት ግን በደሙ ውስጥ መርዝ እየተከማቸ፣ ልቡ እየደከመ፣ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ክፍል ውስጥ ስለ ሰው ልጅ የምግብ መፍጫ አካላት ስናስተምር «የድመትስ?» ብለው የሚጠይቁ ልጆች አይጠፉም። አንዱ ተማሪ የነገረን ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነበር። የቤታቸው ወንድ ድመት ቀኑን ሙሉ አመዱ ላይ እየተቀመጠ ሲያምጥ አዩት። አያቱ «ሆዱ ደርቆ ነው፣ ልጄ» ብለው በማንኪያ የኑግ ዘይት አጠጡት። በማግስቱም ደገሙት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመደቡ ሥር ሞቶ ተገኘ። «አመዱ እርጥብ ነበር?» ብለን ጠየቅነው። ልጁ ጥቂት አስቦ «ደረቅ ነበር፤ ምንም አልነበረበትም» አለን። አያቱ ያደረጉት ከርኅራኄ ነው፤ ማንም አላስተማራቸውም።

እንግዲህ የሚያምጥ ድመት ስታዩ መጀመሪያ የምታዩት አመዱን ነው። ከተነሣ በኋላ የተቀመጠበት ቦታ ረጥቧል? እርጥበቱ የጤነኛ ድመት ሽንት ያህል፣ የሰው እፍኝ የሚሞላ አመድ የሚያጥብ ከሆነ ሽንቱ አልተዘጋም፤ የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ደረቅ ከሆነ፣ ወይም ጠብታ ብቻ ወይም ደም የተቀላቀለበት ጠብታ ካለ፣ ሽንቱን ጠርጥሩ። ብልቱን ደጋግሞ መላስም የሽንት ምልክት ነው። አመድ ላይ የማይቀመጥ ከሆነ ለግማሽ ቀን ያህል ጥቂት አመድ ወይም ደረቅ አፈር ባለበት አሮጌ ሳፋ አጠገብ በአንድ ክፍል አቆዩት፤ የዚያን ጊዜ የሚደበቅ ነገር የለም።

እጃችሁ ለስላሳ ከሆነና ድመቱ የሚያምናችሁ ከሆነ ሆዱንም መዳሰስ ይቻላል። ከኋላ እግሮቹ ፊት፣ ወደ ጀርባው ጠጋ ብሎ እንደ ገመድ ወይም እንደ ተደረደረ ሽምብራ ጠጣር ነገር ከተሰማችሁ የደረቀ ዓይነ ምድር ነው። ከሆዱ በታች በኩል እንደ ሎሚ ክብ፣ የተወጠረና ሲነካ የሚያስጮኸው ነገር ከሆነ ግን ፊኛው ነው። በዚህን ጊዜ እጃችሁን አንሡ። የተወጠረ ፊኛ ቢጫኑት ሊፈነዳ ይችላል። የሽንት መዘጋት በቤት የሚታከምበት መንገድ ፈጽሞ የለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማግኘት ብቻ ነው።

ሕመም ላይ ያለ ድመት ይነክሳል፣ ይቧጭራል፤ ፎጣ ጠቅልሎ መያዝ ያስፈልጋል። ከነከሳችሁ ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል። ምራቅ የሚያዝረበርብ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ድመት ከሆነ ደግሞ ሆዱን ልዳስስ ማለት አይገባም፤ ልጆችንም አርቁ።

ሽንቱ ደህና ከሆነ፣ ድመቷ ነቃ ያለች፣ ጥቂትም ቢሆን የምትበላና የማታስመልስ ከሆነ፣ ለአንድ ቀን ያህል በቤት መርዳት ይቻላል። የመጀመሪያው መድኃኒት ውኃ ነው። አንዲት 3 ኪሎ የምትመዝን የመንደር ድመት በቀን የሚያስፈልጋት ውኃ፣ ከምግቧ የምታገኘው ጭምር፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ይህ በቡና ሲኒ ሁለት ሲኒ ነው። በበጋ ምንጭ ሲደርቅ በስማዳና በታች ጋይንት ቆላዎች እናቶችና እኅቶች ጀሪካን ተሸክመው ምን ያህል እንደሚጓዙ እናውቃለን፤ ውኃ በከንቱ አይደፋም። ሁለት ሲኒ ግን ከየትኛውም ጀሪካን አይጎድልም። የታላቁ ሰሓባ የአቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ታሪክ እዚህ ላይ ይታወሰናል። የውዱእ ውኃቸው ተቀድቶ ሳለ ድመት መጥታ ልትጠጣ ብትፈልግ ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት፤ ይህን አይታ ለተገረመችው የልጃቸው ሚስትም ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በመካከላችን ከሚመላለሱት ወገን እንደሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ነገሯት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። የውዱእ ውኃ ያልተነፈጋት እንስሳ ናት እንግዲህ።

ውኃው በጠፍጣፋ የሸክላ ወይም የቆርቆሮ ዕቃ፣ ከምትጸዳዳበት ርቆ ይቀመጥ፤ በየቀኑም ይለወጥ። ከጉና ተራራ ግርጌ ባሉት ውርጭ በሚመታቸው መንደሮች ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ቢሆን አብልጣ ትጠጣለች። ውኃውን ከተወችው ደግሞ በምግብ እናታልላት፤ ሽንኩርት፣ ጨውና በርበሬ ሳይገባበት በተቀቀለ ሥጋ መረቅ ውስጥ ጉበት ወይም ሥጋ ቆራርጦ መስጠት ነው። ሽንኩርቱን ደጋግመን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀዩም ነጩም ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። በአገራችን ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የለምና የወጥ ጥራጊ ለድመት ጥሩ ቀለብ አይደለም።

ዱባ ካለ፣ ያለ ምንም ቅመም ተቀቅሎ የተፈጨ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ከሥጋው ጋር ቢደባለቅ ለቀላል ድርቀት ይረዳል። «ተልባስ?» የሚል እንደሚኖር እንገምታለን። ለሰው ሆድ ተልባ በጥብጦ መጠጣት በየቤቱ የታወቀ ነው። ነገር ግን ገለባነት ያለው ነገር ሁሉ ሥራውን የሚሠራው ውኃ ሲያገኝ ነው። ሰውነቷ የደረቀ ድመት ላይ ሲጨመር የተደፈነውን ያወፍረዋል፤ ስለዚህ ይቅር። ወተትም ብዙ ሰው የሚያስበውን ያህል አይጠቅምም፤ ብዙ ያደጉ ድመቶች የወተትን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ተቅማጥ ያመጣባቸዋል፤ ተቅማጡም ያለውን ጥቂት ፈሳሽ ይዞ ይወጣል።

ከታሰረች ትፈታ። ከጓዳ ከተዘጋባት ይከፈትላት። ብትሮጥ አንጀቷም ይንቀሳቀሳል።

የማይደረገውን ደግሞ በግልጽ እንናገር። በአፏ ዘይት አይፈስስባት፤ የኑግም ሆነ ሌላ። ተይዛ በግድ ስትጠጣ ዘይቱ ወደ ሳንባዋ ገብቶ የሳንባ ምች ያመጣል፤ ወደ ሆዷ የገባውም ቢሆን በትንሹ አንጀት ተፈጭቶ ስለሚያልቅ የደረቀው ቦታ ደርሶ አያለሰልስም። ቅቤም እንዲሁ። ኮሶና እንዶድ አይሰጡ፤ ለድመት መርዝ ናቸው። ለሰው ከፋርማሲ የተገዛ የሆድ ማስለስለሻ አይሞከር። ከኋላ የሚገባ የሰው ፈሳሽ መድኃኒት፣ በተለይ ፎስፌት ያለበት፣ ድመትን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ የሳሙና ውኃም አንጀቷን ያቆስላል። «ሕመሙን ላስታግስላት» ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት መግደል ነው፤ ለሰው ትንሽ የሆነው አንድ ፍሬ ለድመት ከበቂ በላይ መርዝ ነው። አስፕሪንም አይሰጥ።

በአካባቢያችን ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ በሽመና ይተዳደራል። ሸማኔ ቤት ያለች ድመት ልዩ አደጋ አለባት። ግልገሏ የማግ ክር እያሳደደች ስትጫወት ደስ ትላለች፤ ክሩን ከዋጠችው ግን አንጀቷን እንደ ከረጢት አፍ ሰብስቦ ይቆርጠዋል። ክር ከኋላዋ ወይም ከምላሷ ሥር ተንጠልጥሎ ከታየ ፈጽሞ አይጎተት፤ መጎተቱ ነው አንጀቱን የሚቀደው። ማታ ማታ ክሩን በክዳን ዕቃ ማስቀመጥ ይሻላል። መርፌ ያለበት ክር ከሆነማ አይነገርም።

ለዒድ አል-አድሓ (አረፋ) ሰሞንም አንድ ቃል አለን። በዚያ ቀን በየደጁ አጥንት ይበዛል፤ ዓመቱን ሙሉ ፍርፋሪ የበላች ድመት አጥንት ላይ ትወድቃለች። የተፈጨው አጥንት በአንጀቷ ውስጥ እንደ ኖራ ይደርቃል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነጭ፣ ጠጣርና የሚፈረካከስ ነገር እያማጠች ታወጣለች፤ ወይም ጭራሽ አታወጣም። የተቀቀለው አጥንት ደግሞ ሲሰበር ስለታም ነው። ለድመት ከኡድሒያው የሚገባት ጥቂት ሥጋና ጉበት ነው፤ አጥንቱ ይቀበር።

ድርቀቱ በየጊዜው የሚመላለስባት ድመት ካለች ሌላ ምክንያት ይፈለግ። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚያልፈው መንገድ ዳር ባሉ ቤቶች መኪና የገጫት፣ ወይም በዱላ የተመታች ድመት ብዙ ናት። የተሰበረው የዳሌዋ አጥንት ጠቦ ከገጠመ፣ ቁስሉ ከተረሳ ከወራት በኋላ መውጫው ይጠብባታል። ያረጀች ድመትም ኩላሊቷ ሲደክም ሰውነቷ ውኃ ማቆየት ስለሚያቅተው ትደርቃለች። የእነዚህ መፍትሔ ከሐኪም ጋር ነው።

እናቷ የሞተችባት ግልገል ሌላ ናት። ድመት ከተወለደች እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ድረስ በራሷ መጸዳዳት አትችልም፤ እናቷ ከኋላዋ እየላሰች ነው የምታስወጣት። እናት ከሌለች ይህን ሥራ ልጆች ሊሠሩት ይችላሉ። ለስላሳ ጨርቅ በለብታ ውኃ ነክሮ፣ ወተት ከመጠጣቷ በፊትና በኋላ ከኋላዋ ቀስ አድርጎ መጥረግ ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ ጡጦ እየጠባች ሆዷ ተነፍቶ የምትሞት ግልገል ብዙ ናት።

ዓይነ ምድሯን የነካ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ድመት ራሷ ነጃሳ አይደለችም ማለት ቆሻሻዋ ነጃሳ አይደለም ማለት አይደለም፤ በዓይነ ምድሯ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋስም ለፅንስ አደገኛ ስለሆነ ነፍሰ ጡር እኅቶች አመዱን የማየቱን ሥራ ለሌላ ይተዉት።

ወደ ሐኪም የሚኬደው መቼ ነው? በቤት የተረዳችው ሳይሳካ ሁለት ቀን ከሞላ፣ ካስመለሰች፣ መብላት ካቆመች፣ ከዛለች፣ ክር ከታየ፣ ወይም ሽንቱ ካጠራጠረ በዚያው ሰዓት። የመርዝ አይጥ በልታ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ካለም ጉዳዩ ከድርቀት ውጭ ነውና አትቆዩ። በየወረዳው ያሉት የእንስሳት ጤና ክሊኒኮች በዋነኝነት የተቋቋሙት ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ነው፤ ይሁንና ፈሳሽ በቆዳ ሥር መስጠትና ሆድ ዳስሶ መለየት የሚችል ባለሙያ አላቸው። ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ማለትም አደንዝዞ በለብታ ውኃ ማጠብን፣ የሽንት ቧንቧ መክፈትን ወይም ቀዶ ሕክምናን፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ክፍል መጠየቅ ይቻላል። ከእስቴም ሆነ ከጋይንት መንገዱ ረጅም ነው፤ ለሁሉም ቤተሰብ እንደማይቻል እናውቃለን። ቢያንስ የወረዳው ክሊኒክ ድረስ ግን በገበያ ቀን ከሚሄድ ሰው ጋር መላክ አያቅትም።

«ድመት ይዤ ክሊኒክ ብሄድ ሰው አይስቅብኝም?» የሚል ወጣት ይኖራል። ይስቅ ይሆናል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅን ያስተዳደሩት ሱልጣን ዟሂር በይበርስ ካይሮ ውስጥ ለባለቤት አልባ ድመቶች መመገቢያ የሚሆን የአትክልት ቦታ ወቅፍ ማድረጋቸው ይነገራል፤ በእርሳቸው የሳቀ ካለ ስሙ አልደረሰንም። ድመቷን ክዳን ባለው ቅርጫት ከታች ጨርቅ አንጥፋችሁ ውሰዷት፤ በጆንያ አፍ አስሮ መውሰድ ያፍናታል። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ የምትመልሱትን አስቀድማችሁ ያዙ፦ ዓይነ ምድር የወጣችው መቼ ነው፣ ሽንቷ የታየው መቼ ነው፣ ምን በላች፣ ምን ተሰጣት። ዘይት ወይም ኮሶ ሰጥታችሁ ከሆነም ሳትደብቁ ንገሩት።

ከዳነች በኋላ ለአንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት አመዱን ማየት አይቋረጥ። የውኃ ዕቃዋም ባዶ ሆኖ እንዳያድር በቤቱ ካሉት ልጆች አንዱ ኃላፊ ይሁን።